የዘበኛው ሚስት መርዶ

የልጅ ልጄ እንግሊዝኛ ስታጠና፣ «እማማ፣ ፖሊስማን ማለት ቀርቷል። አሁን ፖሊስ ኦፊሰር ነው፤ ለሴትም ለወንድም ይሆናል» አለችኝ። ጎሽ፣ እንኳን ደረሱበት! እኛ ዲላ ውስጥ በጣሊያን ጊዜ ጨርሰነው ነበር፤ ያውም ከተደረሰብን በሚያሰቅል ነገር።

አባቴ የአንድ ጣሊያን ቡና መጋዘን ዘበኛ ነበር። አንድ ቀን ካፖርቱንና ቆቡን ምስማር ላይ ሰቅሎ ከአርበኞች ጋር ጫካ ገባ። ዘበኛው ሸፈተ ከተባለ ቤታችን ይቃጠላል፤ እናቴም እኔም አንተርፍም። ያን ጊዜ ደግሞ ሴት ዘበኛ ብሎ ነገር የለም። እናቴ ቁመቷ ከወንድ አያንስም ነበርና በማግስቱ ፀጉሯን ተላጭታ፣ ካፖርቱን ለብሳ፣ ዱላውን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ጣሊያኑ እንደሁ ከመኪናው ሳይወርድ ካፖርትና ቆብ አይቶ ነው የሚያልፈው፤ የሰው ፊት መች ያያል!

ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ ግን አፉን እንዳያዳልጠው ቤታችን ውስጥ እንኳ «አንተ ዘበኛ» ይላት ጀመር። ሚስትየዋ ገደብ የሚባል አገር ዘመዶቿ ዘንድ ሄዳለች ተባለ። ውሎ አድሮ እሷም እንደ አባቴ ታስል ጀመር። እንደሱ ጉሮሮዋን ጠርጋ በር ስትገፋ ነፍሴ ልትወጣ ትደርስ ነበር። አንድ ቀን ረስቼ «እማዬ» ብላት ዞር ብላም አላየችኝ። እናቴን፣ የገዛ እናቴን ፈራኋት።

ከዓመት በኋላ አንድ ነጋዴ ከፍስሐ ገነት ከተማ መጥቶ አባቴ መገደሉን በጆሮዋ ሹክ አላት። አላለቀሰችም። ዘበኛው በር ላይ ቆሞ እያለ ማን ሞተ ተብሎ ይለቀሳል? ሳምንት ሙሉ እህል አልቀመሰችም፤ ዓይኗ ፈጦ ቀረ። በመጨረሻ ጎረቤታችን ያሉ አንዲት ባልቴት መጡና፣ «ካላለቀስሽ ታብጃለሽ፤ ካለቀስሽ ደግሞ ሁላችንንም ታስፈጃለሽ። እሱን ማልቀስ ካልተቻለ እንግዲህ አንቺን እናልቅስ» አሏት።

የዘበኛው ሚስት ገደብ ሞተች ተብሎ መርዶ ተነገረ። ዳስ ተጣለ። ጣሊያኑም በአስተርጓሚው በኩል ለዘበኛው ሦስት ቀን ፈቀደ። አልቃሿ ደረቷን እየመታች የእናቴን ሙያ፣ የእናቴን ቁመና፣ የእናቴን ደግነት በሙሾ ስታወርድ፣ እናቴ ከወንዶቹ መሃል ተቀምጣ ፊቷን በካፖርቱ እጅጌ ሸፍና ተንሰቀሰቀች። የምታለቅሰው ለአባቴ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ግን ሙሾው እየጠነከረ ሲሄድ ሴቶቹ የምራቸውን አለቀሱ፤ እኔም እናት የሌለኝ መስሎ ተሰማኝና ጮህኩ።

ለቅሶው ሲበተን ባልቴቷ አቅፈውኝ፣ «አይዞሽ ልጄ፣ የእናትሽን ነፍስ በገነት ያኑርልሽ» አሉኝ።

እናቴ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «አሜን» አለች።