በሙሉ ድምፅ የጸደቀ ጦርነት

የቃለ ጉባኤው ረቂቅ እስከ ዛሬ ከእኔ ዘንድ አለ። በሁለት ገጽ የደብተር ወረቀት ላይ በእርሳስ የጻፍሁት ነው፤ የወንድሜን ሞት ከሚያረጋግጠው ወረቀት ሥር፣ በአረንጓዴ ክላሰር ውስጥ አኑሬዋለሁ።

ሠራዊታችን ድንበር ተሻግሮ በጎረቤት አገር ይዋጋ በነበረበት ጊዜ መርሳ ከተማ ላይ የሥነ ዜጋ መምህርት ነበርሁ። ጦርነቱን እደግፋለሁ የሚል ሰው በሰፈሬ አልሰማሁም፤ ልጅ ያልዘመተበት ቤት ግን ጥቂት ነበር። ታናሽ ወንድሜም እዚያው ነበር። ቀበሌው ሕዝቡን በትምህርት ቤታችን አዳራሽ ለውይይት ሲጠራ፣ ጽሕፈትሽ ያምራል ተብዬ ቃለ ጉባኤ እንድይዝ ተመደብሁ።

ሰብሳቢው የቀበሌው ሊቀመንበር ነበር፤ ስለ ዘመቻው አስፈላጊነት አንድ ሰዓት ያህል ተናገረ። ቀጥለው እጃቸውን ያወጡት ከጎረቤታችን ከግራና መጥተው መርሳ የሰፈሩ አንድ ሼህ ነበሩ፤ የእርሳቸውም ልጅ ዘምቷል።

«ልጄ፣ እንዴት እንደገባን ነገርኸን። እንዴት እንደምንወጣስ? ይበቃል የሚለው ማነው? እኛ ነን ወይስ እናንተ?»

«አባቴ፣ ጦርነት እኮ የግራና ገበያ አይደለም፤ ሲመሽ አይበተንም።»

«ወላሂ እውነትህን ነው። ገበያ የሄደ ሰው ቢከስር እንኳ አህያውን ይዞ ይመለሳል።»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ከዚያ በኋላ ሰብሳቢው ነገሩን መልሶ ሊይዘው አልቻለም። በእኛ አገር ቅሬ የሚባል ማኅበር አለ፤ ሙት ይቀብራል፣ የተጣላ ያስታርቃል፣ ተሰብሳቢው ሁሉ ተራ በተራ ሳይናገር ነገር አይቆርጥም። ሰዎቹ በየዋህነት የመንግሥቱን ስብሰባ እንደ ቅሬ ቆጠሩት። አንዱ «ድንበራችንን እንጠብቅ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ለባለቤቱ እንተውለት» አለ። አንዲት እናት «የቆዩት ይመለሱ፣ ያልሄደም በተራው ይሂድ፤ የባለሥልጣን ልጅም ይጨመር» አለች። አንድ ነጋዴ ብቻ ተነሥቶ «ጀምረን ብንወጣ የሞቱት ደም ከንቱ ይቀራል» ሲል ተከራከረ፤ እርሱንም ሳያቋርጡ አዳመጡት። ለዓመታት ከሰሌዳ ላይ ዴሞክራሲ ብዬ የጻፍሁትን ነገር በዓይኔ ያየሁት ያን ቀን ነው። ሁሉንም ጻፍሁ። ድምፅ ሲሰጥ፣ ጦርነቱ ይቀጥል ብለው የወጡት እጆች ሹሞቹ ከተቀመጡበት ከፊተኛው ረድፍ አላለፉም።

ሰዉ ሲበተን ሰብሳቢው አጠገቤ መጥቶ ቆመ።

«መምህርት፣ ንጹሑን ስትገለብጪ ‹በሙሉ ድምፅ ተደገፈ› ብለሽ ዝጊው። የሼሁን ነገር ተይው።»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወንድምሽ እዚያ አይደል? በቤተሰብ ችግር ወደ አገር ውስጥ እንዲዛወር የድጋፍ ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ። አብሽሪ።»

ገለበጥሁ። ፈረምሁም። የሕዝቡን መውጫ ሰርዤ ለአንድ ሰው ብቻ መውጫ ተቀበልሁ።

ለወራት በየሳምንቱ ቢሮው ሄጄ ጠየቅሁት። መልሱ አንድ ነበር፦ «በሂደት ላይ ነው።» ወንድሜ ሞተ። ሰብሳቢው ለቅሶ ደርሶ ከድንኳኑ ፊት ተቀመጠ፤ እኔም ተነሥቼ እጅ ነሣሁት። ከሁለት ዓመት በኋላ ጽሕፈት ቤቱ ሲዛወር፣ መዛግብቱን እንድናደራጅ ከተላክነው መምህራን አንዷ ነበርሁ። የድጋፍ ደብዳቤውን ከሰብሳቢው መሳቢያ አገኘሁት። ተጽፏል፤ ቁጥርም ማኅተምም የለውም። የሻይ ብርጭቆ ተቀምጦበት ክብ ምልክት ትቶበታል። እርሱንና እኔ የፈረምሁበትን ቃለ ጉባኤ ይዤ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ጠበቅሁ። ችኩል ሰው አይደለሁም።

ባለፈው ዓመት ያ የቀበሌ ሰብሳቢ ጡረታ ወጥቶ ለቅሬያችን ሰብሳቢነት ታጨ። ምርጫው ከዋርካው ሥር ነበር፤ የመሩት እኒያው ሼህ ናቸው። አርጅተዋል፤ ልጃቸው በአንድ እግሩ ተመልሷል። እጩው ስለ ራሱ ሲናገር «በዚያ በክፉ ጦርነት ጊዜ ሕዝቡን በነጻነት አወያይቻለሁ፤ ልጆቻችን ይውጡ ብዬም ለበላይ አቅርቤአለሁ» አለ። ሼሁ እንደ ልማዱ «በታጨው ላይ ቅሬታ ያለው አሁን ይናገር። ዛሬ ደብቆ ነገ የሚያወራ ይቀጣል» አሉ።

ክላሰሩን ይዤ ተነሣሁ። «አባባ፣ ይፍቀዱልኝና ላንብብ።»

«አንብቢ ልጄ። አንቺ ደግሞ መቼ ተናግረሽ ታውቂያለሽ!»

መጀመሪያ ረቂቁን አነበብሁ፤ ቀስ ብዬ፣ አንድ ቃል ሳልዘል። አህያው ጋ ስደርስ የሚያስታውሱት እንደገና ሳቁ። ቀጥዬ ንጹሑን አነበብሁ። የሚስቅ አልነበረም። በመጨረሻ ለወንድሜ ጽፎ ያላከውን ደብዳቤ ከነሻዩ ምልክት ከፍ አድርጌ አሳየሁ።

«እህቴ፣» አለ ሰውየው ላብ በላብ ሆኖ፣ «ፊርማው የማን ነው? ያንቺ አይደለም?»

«የእኔ ነው። አብሬህ ልወድቅ ነው ይዤው የመጣሁት።»

ቃል እንደ ልማዱ ዞረ፤ ያልተናገረ አልነበረም። እርሱ ሰብሳቢነቱን ተከለከለ፤ ከእንግዲህ ከድንኳን ተካዮች ጋር እንዲያገለግል ተወሰነ። እኔም ለአንድ ዓመት የቅሬውን መዝገብ እንዳልጽፍ ተቀጣሁ። ሼሁ በእኔ ላይ ሲፈርዱ ፊቴን አላዩም፤ ከቅጣቱ ይልቅ ያ ጎዳኝ። ያም ሆኖ አልጸጸተኝም። ሰውየው በየለቅሶው ቤት የድንኳን ብረት ተሸክሞ ሲያልፍ፣ ከተቀመጥሁበት ሆኜ ዓይኔን ሳልነቅል አየዋለሁ። አንድም ቀን አላመለጠኝም።

በቀደም ሽማግሌ ላከብኝ። «አንቺን ካየ ከወልድያ ሚኒባስ ይወርዳል» አሉኝ። «ሰውየው አለቀ እኮ። በቃሽ፣ ይቅር በይው።»

ሽማግሌ ደጅ ቆሞ አይመለስም። አስገባኋቸው፤ ምሳ አቀረብሁ፤ እጃቸውን አስታጠብሁ።

«እንግዲህ ምን ብለን እንንገረው?»

«በሂደት ላይ ነው በሉት» አልሁ።