የኢሕራም ብርድ ልብስ

መካ ውስጥ ብርድ ገባ የሚባለው ሰው ኤሲውን ሲያጠፋ ነው። ነካሳ በሚባለው ሰፈር አቀበት ላይ አንዲት ክፍል ተጋርታ የምትኖረው ሙፊዳ ግን ታኅሣሥ በመጣ ቁጥር ያገሯ የለጋምቦ ውርጭ እዚህ ድረስ ይሰማታል። ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው አባቷ፣ ሼህ አብዱረሺድ፣ አምና በብርዱ ደረታቸውን ታመው ለጥቂት ነው የተረፉት። ዘንድሮም ከያዛቸው እንደማይነሱ ሐኪሙ ለወንድሟ ለከሊል ሳይደብቅ ነግሮታል።

ገዝታ እንዳትልክ፣ ካቻምና የላከችውን የሱቅ ብርድ ልብስ «ለእንግዳ ይሁን» ብለው አስቀምጠውታል። የሽማግሌ ነገር! በእጄ የሠራሁትን ግን እምቢ አይሉኝም ብላ ተነሳች።

ሥራዋ ዑምራ አድራጊዎች በሚያርፉበት አንድ ፎንዱቅ ውስጥ ጽዳት ነው። ከእንግዶቹ ብዙዎቹ ሲሄዱ ኢሕራማቸውን፣ ያን ፎጣ የመሰለ ወፍራም ነጭ ጨርቅ፣ አልጋ ላይ ትተውት ይሄዳሉ። ኃላፊውን ብትጠይቀው «ኸላስ፣ ውሰጂው» አላት። አራት ሰበሰበች። በፈላ ውሃ አጥባ ጣሪያ ላይ አሰጣች። ሁለቱን ከታች፣ ሁለቱን ከላይ አድርጋ መሐሉን ባረጀ ብርድ ልብስ ብጥስጣሽ ሞላችው። መሙያው ወደ አንድ ጥግ እንዳይሰበሰብ በየስንዝሩ ቁልቁልም አግድምም ሰፋችው። ሦስት ሳምንት ፈጀባት። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ያላት የክፍል ጓደኛዋ ጀሚላ ናትና፣ እሷው ጅዳ ድረስ ወስዳ ወደ አገር ለሚሳፈር የሰፈራቸው ሰው ሰጠችላት። ሙፊዳ ያን ሰሞን ሸክም እንደወረደለት ሰው ቀለል ብሏት ሰነበተች።

ብርድ ልብሱ ከደረሰ ከአሥር ቀን በኋላ ከሊል በኢሞ ደወለ። ስልኩን ወደ አባታቸው ሲያዞረው ሽማግሌው ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። የደረቡት የድሮ የነተበ ጋቢያቸውን ነው፤ ያስላሉም።

«አባ፣ የላክሁልዎ የታለ?»

«አለ ልጄ፣ አላህ ይስጥሽ። ሳጥን ውስጥ ነው።»

«ደግሞ ለእንግዳ ነው?»

«ለእንግዳማ አይደለም፣ ለራሴ ነው። ከፈኔ አይደለም እንዴ?»

ከሊል ገብቶ ሳጥኑን ከፍቶ አሳያት። አራት ነጭ ጨርቅ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ከፈን አይሰፋምና፣ ሽማግሌው ስፌቷን በመርፌ ጫፍ እየነቀሱ፣ ቀን በቀን፣ አንድ ክር ሳያስቀሩ ፈትተውታል። መሙያው ለከሊል ልጅ ትራስ ሆኗል።

«ታዲያ ከመካ ነጭ ጨርቅ ልከሽላቸው ምን ይበሉ ኖሯል?» አለች አጠገቧ የተቀመጠችው ጀሚላ።

እውነቷን ነው። ከመካ የሚመለስ ሰው ለሽማግሌ በዘምዘም የተነከረ ከፈን ይዞ መግባቱ ባገሩ የታወቀ ነው። ሙፊዳ ይህን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። ብርዱን ብርዱን ስታስብ፣ በእጇ የያዘችው ጨርቅ ለአባቷ ዓይን ምን እንደሚመስል አልታያትም። አሁን ሲታያት ንድድ አላት።

«እኔ ሦስት ሳምንት የሰፋሁት እንዲሞቅዎ ነው እንጂ እንዲቀበሩበት ነው?» ብላ ጮኸችባቸው። በአባቷ ላይ ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም ነበር፤ ወዲያው ደነገጠች።

ሽማግሌው ሳላቸው እስኪያልፍ ጠበቁ።

«አትቆጪ፣ የኔ ልጅ። ከሄድሽ ዘጠኝ ዓመትሽ። እኔ ስሞት እንደማትደርሽ እኔም አውቃለሁ፣ አንቺም ታውቂያለሽ። እንግዲያው ከፈኔን እንኳ እጅሽ ነክቶት ይሁን ብዬ ነው። ብርዱስ እኔንም ይበርደኛል።»

ሙፊዳ ስልኩን ዘጋች። ሰውዬው ለሞት የቸኮሉ መስሏት ነበር፤ ለካስ ተስፋ የቆረጡት ከሷ ኖሯል። እንደሷ ኢቃማ ለሌለው ሰው አገር መግባት አይከብድም፤ ሄዶ ለፖሊስ እጅ መስጠት ነው። አሻራ ሰጥቶ የተሸኘ ግን ተመልሶ ሳዑዲ አይገባም። ለዚህ ነው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ለዓመት» ስትል የኖረችው።

«አብደሻል?» አለቻት ጀሚላ፣ ያሰበችውን ስትነግራት። «ያንቺን እጅ የሚያይ ስንት ሰው ነው! እዚያ ሄደሽ አብረሻቸው በብርድ ልትንቀጠቀጪ ነው?»

ያለችው ሁሉ ልክ ነበር። ሙፊዳን ያስለቀሳትም ልክ መሆኑ ነው። ቢሆንም መልሳ ደወለች።

«አባ፣ ልመጣ ነው። እስክመጣ ከሊል መልሶ ሰፍቶ ያልብስዎ።»

«አንቺ መጀመሪያ ነይ» አሉ ሽማግሌው፣ ሳያምኗት።

ጠዋት ወረቀት የሌላቸው ሰዎች ወደሚሸኙበት ግቢ ሄዳ ከተሰለፉት ኋላ ቆመች። ተራዋ ደርሶ አሻራ ስትሰጥ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ጠየቀች። ፖሊሱ እንደ ወረፋው ነው፣ ሳምንትም ወርም ሊሆን ይችላል አላት። በገዛ እግሩ የሚመጣ ሐበሻ መርዶ የደረሰው እንደሆነ ከልምድ ያውቃልና ቀና ብሎ አያት።

«ማን ሞተብሽ?»

«እስካሁን ማንም አልሞተም» አለች ሙፊዳ። «አባቴን በርዷቸዋል።»