ከፍ ያለው ጩኸት

ልጄን ከወለድኩ ወዲህ ድካሙ አልለቅ ብሎኝ፣ በከሚሴ ሙቀት ጋቢ ደርቤ እተኛ ነበር። አማቴ በየማለዳው በኦሮምኛ "ካኢ!"፣ በአማርኛ "ተነሺ፣ አንቺ ሰነፍ!" ብለው ሲጮሁ ጎረቤቱ ይነቃል እንጂ እኔ አልነሳም። ሲሰለቻቸው ሐኪም ዘንድ ወሰዱኝና ለምርመራ ደም ሰጠሁ።

"ውጤቱ በጣም ከፍ ብሏል" አለ ሐኪሙ።

"አልሐምዱሊላህ!" አሉ አማቴ።

"ኧረ እማማ፣ ደግ አይደለም! አንገቷ ውስጥ ያለችው፣ ለሰውነት ኃይል የምትሰጠው እጢ ሰንፋለች። አንጎል 'ሥሪ!' እያለ ይጮህባታል፤ ከፍ ያለው ጩኸቱ ነው። በየማለዳው በባዶ ሆዷ ክኒን ስትውጥ ጩኸቱ ይቀንሳል።"

አንገቴን ደፍቼ፣ "የቤቱም?" አልኩ።

አማቴ ክኒኑን ገዝተውልኝ ወደ ቤት ተመለስን። ከጩኸቱ ተገላገልኩ ብዬ ተኛሁ። በማግስቱ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ግን ድምፃቸው ጣራውን አነቃነቀው፦

"ካኢ! ክኒንሽን ዋጪና ተመልሰሽ ተኚ!"