ሻሂር በሚስቱ የማለበት ሞተር

ሻሂር ካንዴላ ሲቀይር መጀመሪያ ሞተሩ እስኪበርድ ይጠብቃል። ትኩስ ሞተር ላይ ካንዴላ የሚፈታ ሰው የገዛ ጥርሱን ቢነቅል ይሻለዋል ባይ ነው። ከዚያ የፕላስቲኩን ክዳን ያነሣና ለካንዴላ እሳት የሚሰጠውን የእያንዳንዱን ቦቢና መቆለፊያ በአውራ ጣቱ ገፋ አድርጎ ይከፍታል። በካቻቢቴ የሚፈለቅቁት ሰዎች መቆለፊያውን ይሰብሩና በሽቦ ያስሩታል። ቦቢናዎቹን በወጡበት ተራ ጨርቅ ላይ ይደረድራል። ረጅሙን የቡሶላ መፍቻ ወደ ጉድጓዱ አውርዶ ካንዴላውን ትንሽ ብቻ ያላላና ያቆማል። በአየር ይነፋል። አሸዋው ከወጣ በኋላ ነው ጨርሶ የሚፈታው፤ አለዚያ ጉድጓዱ ውስጥ የተኛው አሸዋ በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። አዲሱን ሲያስገባ ጫፉን ቁራጭ የጎማ ቱቦ ላይ ይሰካና ቱቦውን በሁለት ጣቱ ያሾረዋል። ጥርሱ ከተሳሳተ ጎማው ይንሸራተታል እንጂ ብረቱን አይበላም። ቁልፍ የሚይዘው መጨረሻ ላይ ነው።

አሮጌዎቹን ካንዴላዎች ወደ ብርሃን አውጥቶ ያያቸውና ፊቱን ያጨማድዳል።

«ይኼ ሰውዬ» ይላል፣ ባለቤቱ አጠገቡ ቆሞ እየሰማ፣ «መኪናውን የሚነዳው ካፌ በር ላይ ነው። ጥላሸቱን እዩት። ዳገት አይቶ አያውቅም።»

ባለቤቱ ይስቃል። ሌላ ምን ያደርጋል? ከአማን ከተማ ጋራዦች ሁሉ፣ በያዲር የሚባለው የጋራዦች ሰፈር ውስጥ ጉልበታም የጀርመን ሰዳን እንደ ሻሂር የሚያውቅ የለም ተብሏል። እሱም ብሏል።

ሻሂርን ሰፈሩ በበኩር ልጁ ስም አቡ ጀሪር ይለዋል። መኪኖቹን ይወዳል፣ ገዢዎቻቸውን ይንቃል። ንቀቱን ደብቆ አያውቅም፤ ሥራውን አላስቀረበትማ። ዛሬ ግን ሚስቱ ኸውላ አባቷ ቤት ናት፤ ከቤቷ ያስወጣትም ይኸው ንቀቱ ነው።

የገዢዎቹን ነገር እንዲህ ብሎ ያስረዳል። መኪናው አዲስ ሳለ የገዛው የባንክ ሥራ አስኪያጅ ነው። አርጅቶ ዋጋው ሲወድቅ የሞባይል ሱቅ ያለው ልጅ ያነሣዋል። መኪናው ረክሷል፣ መለዋወጫው ግን አልረከሰም፤ ራዲያተሩ ዛሬም የሚጠብቀው ሥራ አስኪያጁን ነው። ልጁ የውሃ ፓምፕ ቀይር ሲሉት ኪሱን ገልብጦ ያሳያል። ከኋላ የትልቁን ሞዴል ምልክት ለመለጠፍ ሲሆን ግን ኪሱ ውስጥ ገንዘብ ይገኛል። ሞላውን በመቁረጫ አስቆርጦ መኪናውን መሬት ያስልሳል፣ የጭስ ማውጫውን ማርሚታ አስወልቆ ሕፃናት ይቀሰቅሳል። የዓመቱ የፈቃድ ምርመራ ሲደርስ አንገቱን ደፍቶ ይመጣና ሻሂር ለዚሁ ብሎ ያስቀመጣቸውን የፋብሪካ ሞላና ማርሚታ ይከራያል። አስገጥሞ ያልፋል፤ በማግስቱ መልሶ ያስወልቃል።

«እንግዳ ሲመጣ ብቻ ቤቱን የሚጠርግ ሰው አይተሃል?» ይላል ሻሂር። «እነዚህ ናቸው።»

ሙንዚር ከእነዚህ አንዱ ነው። አባቱ የሕንፃ ተቋራጭ ናቸው፤ እሱ ራሱ ምን እንደሚሠራ ሻሂር ጠይቆም አላወቀ። አንድ ቀን ከዘርቃ ነጻ የንግድ ቀጣና ነጋዴ ለሙከራ የተቀበለውን ጥቁር ሰማያዊ ሰዳን እየነዳ መጣ። ከመግዛቱ በፊት ሻሂር እንዲያይለት ነበር።

«አጎቴ አቡ ጀሪር፣ አራቱም የሻሲ ጥግ ‹ጥሩ› ተብሏል። መርማሪዎቹ አንድ ጭረት አላገኙም።»

«ሻሲ እንደ ሞተር ነክሶ መንገድ ላይ አስቀርቶህ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እንግዲያ ስለ ሻሲ አትንገረኝ። ኮፈኖውን ክፈት።»

ሙንዚር ማወቅ የፈለገው አንድ ነገር ነው፤ ሞተሩ ተከፍቶ ያውቃል ወይስ አያውቅም? በዚያ አገር የተከፈተ ሞተር ገዢ የለውም። ማን ከፈተው፣ ለምን ከፈተው፣ እንዴት አድርጎ ዘጋው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ተከፍቷል ከተባለ ሰውዬው ሻዩን ሳይጨርስ ይሄዳል።

ሻሂር ባትሪና ትንሽ መስታወት ይዞ አጎነበሰ። የሞተሩን የላይ ክዳን፣ የቴስታታውን፣ ብሎኖች አንድ በአንድ አየ። ፋብሪካው የቀባው ቢጫ መስመር ከብሎኑ ራስ ጀምሮ ሳይዛነፍ ብረቱ ላይ ያልቃል። ቁልፍ ነክቶት ቢሆን መስመሩ በተሰበረ ነበር። የዘይቱን ክዳን ከፍቶ አሸተተ፣ ጣቱን ነክሮ አሻሸ፣ ቀና አለ።

«አልተከፈተም።»

ዙህዲ ከፊት ለፊት ጋራዥ መንገዱን ተሻግሮ መጥቶ ቆሟል። ዙህዲ ያገኘውን መኪና ሁሉ ይሠራል፤ ሻሂር እሱን ለመናቅ ይኸው ይበቃዋል።

«ከሥር አየኸው?» አለ ዙህዲ።

«ከሥር ምኑን?»

«ኮፓውን። ልጁ ሲያቆመው ጎንበስ ብዬ ነበር፤ የማሸጊያው ቀለም የፋብሪካ አልመስል አለኝ።»

ኮፓ ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ማጠራቀሚያ ነው። በዚህ መኪና እሱን ለማውረድ ሞተሩን ከላይ በሰንሰለት አንጠልጥሎ የፊት እግሮቹን የተሸከመውን ብረት ማውረድ ያስፈልጋል። ሻሂር ሳቀ።

«በዚህ አገር ሞተር ከሥር የሚከፍት ማን አለ? አንተ ነህ? ዘይት ስትቀይር ግማሹን ለአስፋልቱ የምታጠጣው ሰውዬ?»

«እኔ ነኝ የሚል ቃል አልወጣኝም። ክሪክ አግባበትና ከፍ አድርገህ እይ ነው ያልኩህ።»

«አያስፈልግም።»

«ልጁ እኮ አምኖህ ነው የመጣው፣ አቡ ጀሪር።»

ሙንዚር አንዴ አንደኛውን አንዴ ሌላውን ያያል። ከየጋራዡ የወጣው ሰው እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቆሟል። ሻሂር ደሙ ፈላ፤ እዚያ አገር ወንዶች በድንች ዋጋ ሲከራከሩ እንኳ የሚምሉትን መሐላ ማለ።

«የዚህን ሞተር ሆድ የነካ ቁልፍ ካለ ሚስቴ ፈት ትሁን።»

ከዚህ በላይ የሚባል የለም። ዙህዲ መንገዱን ተሻግሮ ሄደ። ሙንዚር መኪናውን ገዛ።

መኪናው ጥሩ ነበር፤ ያ ነው የሚያናድደው። ሻሂር የውሃ ፓምፑን፣ የማርሽ ሳጥኑን ዘይት፣ የተሰነጣጠቁትን የአየር ቱቦዎች ቀየረ። ሙንዚር ይህን ሁሉ እያዛጋ ተመለከተ። ልቡ ያለው ሌላ ቦታ ነው።

«ጉልበት የምንጨምርለት መቼ ነው?»

«መጀመሪያ በደንብ ይቀዝቅዝ። ጉልበት ማለት ሙቀት ነው። ማቀዝቀዣውን ሳታስተካክል ጉልበት መጨመር ትኩሳት የያዘውን ሰው ማስሮጥ ነው።»

«ቪዲዮ ላይ ያየሁት ልጅ ግን ኮምፒውተሩን ብቻ አስነክቶ በአንድ ቀን ጨረሰ።»

«ልጁ አሁን በምን ይሄዳል?»

ሙንዚር አሰበ። «በአባቱ ፒካፕ።»

ቀስ በቀስ ተስማሙ። ትልቅ የዘይት ማቀዝቀዣ ይገባል፤ ከዚያም መኪናው በኃይል ሲታጠፍ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን እንዳይሸሽ ውስጡ የተከፋፈለ ኮፓ ይቀየራል። ስለዚህ አሮጌው ኮፓ መውረድ አለበት። ሻሂር ሞተሩን አንጠለጠለ፣ ብረቱን አወረደ፣ ብሎኖቹን ፈታ። ሙንዚር ቁጢጥ ብሎ ሁሉን በስልኩ በቀጥታ ያስተላልፋል። ተከታዮች አሉት፤ ምን ፍለጋ እንደሚከተሉት ሻሂር አይገባውም።

ኮፓው ሲወርድ ሻሂር ባትሪውን አስጠጋ።

የፋብሪካው ማሸጊያ ጥቁር ነው፤ ይህ ግራጫ ነበር። ከላይ፣ ፒስተኖቹን ከዋናው ዘንግ ጋር የሚያያይዙት የቢዬላ ብሎኖች አዲስ ናቸው። በእያንዳንዳቸው ራስ ላይ አንድ ሰው በቀጭን ብሩሽ አረንጓዴ መስመር አስምሯል፤ መስመሮቹም ቀጥ ያሉ ናቸው። ብሮንዚናዎቹ፣ ዘንጉ የሚሽከረከርባቸው ስስ ብረቶች፣ ተቀይረዋል ማለት ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ሞተር ቀድመው የሚያልቁት እነሱ ናቸው፤ የሚጠነቀቅ ሰው ደርቀው ዘንጉን ከመንከሳቸው በፊት ይቀይራቸዋል። ሻሂር ይህን ለደንበኞቹ ሲናገር ኖሯል፣ አንድም የሰማው የለም። ስለዚህ ይህን የሚያደርግ ሰው በአገሩ ይገኛል ብሎ አላሰበም። ክሪክ ያላስገባው ለዚህ ነው።

«አጎቴ፣ ያ አረንጓዴ ነገር ምንድነው?» አለ ሙንዚር፣ ስልኩን አስጠግቶ።

«ዝጋው።»

«ምኑን?»

«ስልኩን ዝጋ፣ አንተ አህያ።»

ሙንዚር ስልኩን ዘጋው፤ የሚያየው ግን አይቶ ጨርሷል። ወዲያው ነጋዴው ጋ ደወለ፣ ነጋዴው የመጀመሪያውን ባለቤት ቁጥር ሰጠው። ሰውዬው ለዊብዴ በሚባል ሰፈር የሚሠራ የጥርስ ሐኪም ሆኖ ተገኘ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ የቀየርኳቸው» አለ ሐኪሙ፣ የጠየቀው ሰው በማግኘቱ ደስ ብሎት። «ቤቴ ውስጥ፣ ክረምቱን ሙሉ። የወጡትን አስቀምጫቸዋለሁ፤ ላሳይህ?»

ሻሂር ስልኩን ነጠቀው። «ለምን ለመካኒክ አልሰጠኸውም፣ ዶክተር?»

«ልሰጥ ብዬ ወደ በያዲር መጥቼ ዞሬ ነበር» አለ ሐኪሙ። «መካኒኮቹን አየኋቸውና ተመለስኩ።»

ዙህዲ በሩ ላይ ተደግፎ ያይ ነበር። ወሬው ከመኪናው ቀድሞ መንገዱን ተሻግሯል።

«አቡ ጀሪር» አለ፣ «ለሚስትህ፣ ለኡም ጀሪር ሰላም በልልኝ። ካገኘሃት።»

አላገኛትም ማለት ይቻላል። ቤት ሲደርስ ሻንጣዋን ዘግታ ቆማ ነበር። ወንድሟ ቪዲዮውን ልኮላታል፤ ከሥሩ ደግሞ መሐላው ሲማል ቆሞ የነበረ አንድ ሥራ ፈት ሁሉን ጽፎታል።

«በኔ ማልክ?»

«አምኜ ነው የማልኩት።»

«እሱን ሼኹ ይጠይቁህ» አለችና ወጣች።

ፍቺው ጸንቶ እንደሆነ ሊጠይቅ የሄደባቸው የመስጊዱ ሼኽ ብዙ አልጠየቁትም።

«ስትምል ሐሰት መሆኑን ታውቅ ነበር?»

«አላውቅም።»

«ልትፈታት አስበህ ነበር?»

«ኧረ በጭራሽ። ሞተሩን እንደማውቀው ላሳይ ብዬ ነው።»

«ሞተሩንም አላወቅከው። ሚስትህ አልተፈታችም። ሂድና ምላስህን ሰብስብ» አሉትና የሚቀጥለውን ጠሩ። በሩ ላይ ስለ ስልክ፣ ስለ ኳስና ስለ ድንች የማሉ ባሎች ተሰልፈው ነበር።

ሻሂር ነገሩ ያለቀ መስሎት በቀጥታ ወደ አማቱ ወደ ሐጅ ፈላህ ቤት ነዳ። በሩን የከፈተችለት ራሷ ኸውላ ናት።

«ሼኹ አልተፈታችም ብለዋል።»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ሻንጣሽ የታለ?»

«ሼኹ ስለ ፍቺ ነው የተናገሩት። እኔ ሌላ ነገር ነው የምጠይቅህ። ለማላውቀው ልጅ፣ ላላየሁት ሞተር እኔን አስያዝክ።»

«ሰው ሁሉ የሚምለው ነው እኮ።»

«ሰው ሁሉማ ማርሚታውን አውልቆ ይነዳል። እነሱን ከብት ትላቸው የለ?»

ሻሂር ጢሙን አሸት አሸት አደረገ።

«በእውቀትህ ያን ያህል ከተማመንክ በጢምህ አትምልም ነበር?» አለች ኸውላ። «ጋራዡን አላስያዝክ፣ ቁልፎችህን አላስያዝክ። ከንብረትህ ሁሉ ርካሽ ሆኜ የተገኘሁልህ እኔ ነኝ።»

ሐጅ ፈላህ ከኋላዋ መጡ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«ሽማግሌ ይዘህ ና። ሳሎኔ እስኪሞላ። ሰው ፊት እንደማልክባት ሰው ፊት ትለምናታለህ። በጥቂት ሰው ከመጣህ ግን በሩን አላስከፍትም፤ ልጄ የማንም ጉዳይ አይደለችም ማለት ነውና።»

ሳሎኑ ሰፊ ነው። ሻሂር ሲያገባት ሞልቶ አይቶታል፤ ያን ጊዜ ሰው የሰበሰቡለት አባቱ ነበሩ። አሁን ራሱ መሰብሰብ አለበት። ከዙህዲ ጀመረ።

«ዓርብ ትመጣለህ?»

«እመጣለሁ» አለ ዙህዲ፣ ከኮፈኖ ሥር ሳይወጣ። «መጀመሪያ ተሳስቼ ነበር በለኝ።»

«ማሸጊያውን በተመለከተ፣ አዎ።»

«ማሸጊያውን በተመለከተ ብቻ?»

«ሌላ ምን ብለኸኝ ነበር?»

«ሌላው ትዝ ሲልህ ተመለስ» አለ ዙህዲ።

ሙንዚር ለመምጣት ደስተኛ ነው፤ ቪዲዮ መቅረጽ እንደማይቻል ሲነገረው ግን እዚያ ምን እንደሚሠራ ጠየቀ። ካፌ በር ላይ ነው የሚነዳው የተባለው ሰውዬ ዓርብ ዳገት ለመውጣት ቀጠሮ እንዳለው ነገረው። የሞባይል ሱቁ ልጅ ስልኩን አላነሣም። ሳያቅማማ እሺ ያለው የጥርስ ሐኪሙ ብቻ ነው።

«መጣሁ። መኪናዬስ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት» አለ ሻሂር። ለሐኪሙ ሥራ ከዚህ በላይ ምስጋና ከአፉ አልወጣም፤ ይቺም ወጥታ አታውቅም።

ሐኪሙና እሱ ሳሎን አይሞሉም። ስለዚህ ሻሂር ይህን ለምታነበው ለአንተ ልመና አለው።

«አንተን ሰድቤህ አላውቅም፤ መኪናህን አላየሁትማ። ዓርብ ከሰዓት፣ ከዓስር ሶላት በኋላ በበያዲር መስጊድ በር ላይ እጠብቅሃለሁ። ኮት ልበስ። ሐጅ ፈላህ ዘንድ የቡናውን ፊንጃል ሲያቀርቡልህ አትጠጣው፤ ፊትህ አስቀምጠውና ኸውላ እሺ እስክትለን ድረስ ጠብቅ፣ ቢቀዘቅዝም ጠብቅ። ስለ ሞተር ወሬ ከተነሣ ዝም በል፤ ምን ታውቃለህና። ሌላ አልፈልግብህም። ወንበር ላይ ተቀመጥልኝ፣ እባክህ።»