እያነሰ የሄደው እጅ

ሲሪያኮ የሞተ ሰው መኪና አያጥብም ነበር። ላቫጆው ከእኔ ዳቦ መሸጫ ፊት ለፊት ስለሆነ ስንቱን ሰበብ ፈጥሮ ሲመልስ አይቻለሁ። ባለቤቱ ሞቶ ወራሽ የሚነዳው መኪና ከመጣ ውሃ ተቋርጧል ይላል፣ ወገቤን አሞኛል ይላል፣ አንዴማ በጠራራ ፀሐይ ሊዘንብ ነው ብሎ መለሰ። ፈሪ ነው። ይህን ፊት ለፊቱም እነግረዋለሁ፤ እኔ ሬሜዲዮስ ሰው ከኋላው አላማም።

እጁ ግን ወርቅ ነው። የምንኖረው ዶን ጎዮ እግር ስር ነው፤ እሳት የሚተፋውን ተራራ እንደ ሰው በስሙ ነው የምንጠራው፣ ዶን ማለት ጋሼ እንደማለት ነው፣ ሽማግሌ ነውና። እሱ ባስነጠሰው ቁጥር አመዱ የሚወርደው እኛ ላይ ነው። ያን ቀን ጠዋት ሞኙ ሁሉ የላባ መወልወያውን ይዞ ደጅ ይወጣና መኪናውን በደረቁ ያራግፋል። አመዱ እኮ የደቀቀ ድንጋይ ነው፤ በደረቁ መጥረግ ማለት ቀለሙን በአሸዋ መፈተግ ነው። ሲሪያኮ እንዲህ የሚያደርግ ሰው ሲያይ የራሱ ቆዳ የተፋቀ ያህል ያመዋል።

የእሱ አሠራር ሌላ ነው። መጀመሪያ ውሃ፣ እጅ ሳይነካው ብዙ ውሃ። ከዚያ እጁን ቀጭን ፌስታል ውስጥ ከትቶ ቀለሙን ይዳስሳል። በባዶ እጅ ለስላሳ የመሰለው በፌስታል ሲዳሰስ ይሻክራል፤ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ እኔም ሞክሬ አይቻለሁ። ከሻከረ ውሃ ያልወሰደው ነገር ተጣብቋል ማለት ነውና ጭቃውን ያወጣል። የመንገድ ጭቃ አይደለም፤ እንደ ሊጥ የሚታሽ፣ ቀለሙ ላይ ሲንሸራተት የተጣበቀውን ሁሉ ነቅሎ የሚይዝ ነገር ነው። ሰማያዊው ለስላሳ ነው፣ ቀዩ ኃይለኛ። ማንሸራተቻ ካልተረጨለት ግን ለስላሳውም ይቧጭራል። ሲሪያኮ ማንሸራተቻውን ራሱ ነው የሚያዘጋጀው፤ ውሃ ላይ የሕፃን ሻምፖ ጠብ ያደርጋል። የዕቃ ሳሙና ይበቃል የሚል ደንበኛ ከመጣበት ሰውየው ስድቡን ጠጥቶ ነው የሚሄደው።

ወደ ኤውላሊያ ልምጣ። የልጄ የክርስትና እናት ናት፤ ቤታችንም አጥር ለአጥር ነው። ግቢዋ ውስጥ፣ ከቆርቆሮ ጥላ ስር፣ የልጇ የናቦር ጥቁር ሰማያዊ ቮልስ ቆማለች። ናቦር ሴት ልጁ ያዲራ ገና ስትድህ ነው የሞተው። አንድ ጠዋት ቮልሷን ወደ ኋላ ገፍቶ ግቢ አስገባትና በአውቶቡስ ሄደ፤ አውቶቡሱ ገደል ገባ። ከዚያ ወዲህ ኤውላሊያ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "በዚያች አሮጌ መኪና አትሂድ፣ አውቶቡስ ያዝ ያልኩት እኔ ነኝ።" ስታለቅስ አላየናትም። በቀብሩም ቀን አላለቀሰችም።

ሲገፋት ተጭኖት የነበረው ኮፈኖ ላይ የእጁ ምልክት ቀረ፤ መዳፉና አምስቱም ጣቶቹ። ኤውላሊያ መኪናዋን ማንም በውሃ እንዳይነካት ከለከለች። በየጠዋቱ ፊቷን ትታጠብና ከነእርጥበቷ ሄዳ መዳፏን ምልክቱ ላይ ትጭናለች። እንደምን አደርክ ትለዋለች። መጀመሪያ ሰፈሩ አዘነላት። ኋላ ግን ይፈራ ጀመር፤ እጁ እያነሰ ነበርና።

አትሳቁብኝ፣ በዓይኔ ነው ያየሁት። ናቦር ዳቦዬን በአንድ እጁ ሦስት ሦስት አድርጎ የሚያነሳ ግዙፍ ሰው ነበር። ምልክቱም ያኔ እንደ እጁ ሰፊ ነበር። ዓመት ዓመትን ሲተካ ጣቶቹ አጠሩ፣ መዳፉ ጠበበ፣ በመጨረሻ የልጅ እጅ አከለ። ሴቶች በዚያ በር ሲያልፉ ያማትባሉ፤ ልጆች ኳሳቸው እዚያ ግቢ ከገባ ትተውት ይሄዳሉ። አንድ ቀን ኤውላሊያ ዳቦ ልትገዛ መጥታ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

"ሬሜ፣ ልጄ ወደ ሕፃንነቱ እየተመለሰ ነው። አንድ ጠዋት ሄጄ ባጣውስ?"

ዳቦዋን ጠቅልዬ ሰጠኋት። ማታ የግቢዋን በር እያየሁ መስኮቴን ዘጋሁ።

ከዚያ ያዲራ አሥራ አምስት ሞላት። እኛ ዘንድ ልጃገረድ አሥራ አምስት ሲሞላት እንደ ሙሽራ ለብሳ፣ በአበባ ባጌጠ መኪና ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። ያዲራ የሰው መኪና አልፈልግም፣ የሚያደርሰኝ አባቴ ነው አለች። አያቷ እምቢ የምትልበት አንጀት አጣች። መካኒክ መጥቶ የቮልሷ ሆድ ውስጥ ያረጀውን ሁሉ ቀየረ። ቀለሟ ግን ያን ሁሉ ዓመት አመድ ሲጠጣ ኖሮ ግራጫ ሆኗል።

ኤውላሊያ መንገዱን ተሻግራ ሲሪያኮ ፊት ቆመች። መኪናዋን አጽዳልኝ፣ እጁን ግን እንዳታጠፋብኝ አለችው። ሲሪያኮ ገና ስለ ውሃ ማውራት ሲጀምር ከማዶ ጣልቃ ገባሁ።

"ውሃ ከጠፋ ከእኔ ቧንቧ ቅዳ። ሌላስ ምን ሰበብ አለህ?"

"አንቺ ሴትዮ፣ ዳቦሽ አይቃጠልብሽም?"

"ይቃጠል። አንተ ስለፈራህ ልጅቷ በእግሯ ትሂድ?"

አንገቱን ደፍቶ ባልዲውን አነሳ። እኔም ሱቄን ዘግቼ ተከተልኩት፤ ልቤ መቼ ያስቀምጠኛል።

መጀመሪያ ብዙ ውሃ አፈሰሰባትና እጁን ፌስታል ውስጥ ከተተ። ኮፈኖውን ዳር ዳሩን ዳሰሰ። ምልክቱ ጋ ሲደርስ ቆመ፣ ተመልሶ ዳሰሰ፤ የሚሻክረው የምልክቱ ዙሪያ ብቻ ነው። ከዚያ ለኤውላሊያ እውነቱን ነገራት። የሚታየው እጅ የተሠራው ከዙሪያው ከረጋው አመድ ነው፤ አመዱ ከተነሳ እጁም አብሮ ይነሳል። ያን ጠዋት ናቦር እጅ ላይ የነበረው የመንገድ ጭቃ ብቻ ከሆነ ከስር ምንም አይገኝም። ቀለም የሚበላ ነገር ከነበረ ግን ምልክቱ ከቀለሙ ውስጥ ገብቷል፣ የማጽጃው ጭቃም አይወስደውም። ምን ነክቶ እንደነበር ጠየቃት። ኤውላሊያ ብዙ አሰበች። ናቦር እጁን ሊታጠብ ሳሙና ደጋግሞ እንደጠየቃት ብቻ ነው የምታስታውሰው።

"ልተወው፣ ዶኛ ኤውላሊያ?" አላት።

ኤውላሊያ ያዲራን አየቻት። ልጅቷ በረንዳው ላይ ቀሚሷን ታቅፋ ቆማለች።

"አጽዳ" አለችው። "እንዲህ እያነሰ እያነሰ ከሚሄድብኝ፣ አንዴ ይሂድ።"

ሲሪያኮ ሁለቱን ጭቃዎች አውጥቶ በሁለት እጁ ያዘ። ቀዩ ሥራውን ቶሎ ይጨርሳል፤ ግን ቀለሙን ራሱን ያደበዝዛል፣ የደበዘዘ ቀለም ላይ ደግሞ የተቃጠለ ምልክት ቢኖርም አይለይም። ቀዩን መልሶ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ሰማያዊውን እስኪሞቅ አሸው። ማንሸራተቻው ላይም ከወትሮው የበለጠ ሻምፖ ጨመረበት፣ በጣቶቹ መሀል አሽቶ ሞከረው፣ ገና ነው ብሎ ደገመ።

ጭቃው ሲጀምር የአሸዋ ፍትጊያ ድምፅ አሰማ፤ ቆይቶ ድምፁ ጠፋ። በየመሀሉ አጥፎ ንጹሕ ፊቱን ያወጣል፣ እንደገና ይረጫል፣ እንደገና ያንሸራትታል። ትንሿ እጅ ከትንሽ ጣቷ ጀምራ አንድ በአንድ ጠፋች። አውራ ጣቷ መጨረሻ ሄደች። በሳሙና ውሃ የራሰው ኮፈኖ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ አበራ፤ ላዩ ላይ ምንም የለም።

"ይቅር ይበሉኝ" አላት ሲሪያኮ። ኤውላሊያ ባልዲውን ገልብጣ ተቀመጠችበት። ማናችንም ከዚያ ግቢ መውጣት አልቻልንም።

ፀሐይዋ በቆርቆሮው ቀዳዳ ገብታ ኮፈኖውን ታደርቅ ጀመር። ከዳር በኩል ሲደርቅ አንድ የደበዘዘ ነገር ታየኝ። ጣት ነው። ረጅም ጣት። ከዚያ ሁለተኛው፣ ከዚያ ሰፊው መዳፍ፤ ውሃው በተነሳ ቁጥር ከቀለሙ ውስጥ እየወጣ መጣ። ሲሪያኮ አማትቦ ወደ ኋላ ሸሸ፣ ቦርሳውን ረግጦ ሊወድቅ ነበር። የናቦር እጅ ነው፣ ያ ሦስት ዳቦ የሚያነሳው።

ኤውላሊያ ተነስታ እንደ ልጅ ትንሽ የሆነችውን መዳፏን ከምልክቱ በላይ ዘረጋች፣ ሳትነካው። እጇ መሀሉ ላይ ገብታ ቀረች። የጠፋችው ትንሽ ምልክት ልክ የእሷን እጅ ታህል ነበር።

"የኔ ነበረች" አለች ቀስ ብላ። "በየጠዋቱ በእርጥብ እጄ ስጫነው አመዱ በኔ እጅ ዙሪያ እየረጋ የሱን ሸፍኖት ኖሯል። እኔ ነኝ ልጄን ያሳነስኩት።"

ሲሪያኮ ፍርሃቱን ውጦ ተጠጋ። ጎንበስ ብሎ የምልክቱን ጠርዝ ሲያይ ቆየ።

"ዶኛ ኤውላሊያ፣ እንዲህ ቀለም የሚበላው የፍሬን ዘይት ነው። ያን ጠዋት ፍሬኑ ይፈስ ነበር፤ እጁን የነካውም እሱ ነው። አውቆ ነው ገፍቶ ያስገባት። እርስዎ ባይሉትም በዚህች መኪና አይሄድም ነበር።"

"ድገመው" አለችው።

ደገመላት። ያን ጊዜ አለቀሰች፤ ያን ሁሉ ዓመት ያጠራቀመችውን አለቀሰች። ያዲራ ቀሚሷን ጥላ መጥታ አቀፈቻት። እኔም አላስቻለኝም።

ሲሪያኮ አሁን የሞተ ሰው መኪናም ያጥባል። ፍርሃቱ ግን አልለቀቀውም፤ ከመጀመሩ በፊት ኮፈኖውን በጣቱ አንኳኩቶ ፈቃድ ይጠይቃል። ትንሽ ጠብቆ ነው ውሃውን የሚያፈሰው። ምን እንደሚሰማ ጠይቄው አያውቅም፤ ማወቅም አልፈልግም።

በያዲራ በዓል ቀን ማለዳ ዶን ጎዮ አስነጠሰው። ጥላው እንኳ አላዳናትም፣ ቮልሷ ከነአበባዋ አመድ ለበሰች። አጥሩ ላይ ተንጠልጥዬ ሳይ ኤውላሊያ የውሃ ጎማዋን ይዛ ራቅ ብላ ቆማለች። ያዲራ በነጭ ቀሚሷ ወጥታ፣ ዛሬ አባቴን ሰላም አትይውም ወይ ብላ ጠየቀቻት።

"ከዚሁ ሆኜ እለዋለሁ" አለቻት አያቷ። "ስነካው ያንስብኛል።"

ከዚያ ውሃውን ከፈተችው።