አረንጓዴው በረኛ

ሰሞኑን ስልኬ ላይ፣ የድሮ የማስቲካ ፎቶ የሚሰበስቡ ሰዎች በሚጻጻፉበት ቡድን ውስጥ አንዱ፣ «አረንጓዴ ማሊያ የለበሰው በረኛ ያለው ሰው አለ? ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት» ብሎ ጠየቀ። ይኸው ከዚያ ወዲህ አላርፍ ብያለሁ። መልስ እጀምራለሁ፣ አጠፋለሁ፣ ደግሞ እጀምራለሁ። በረኛው አለ! ሞላሌ፣ እናቴ ቤት፣ ግድግዳ ላይ።

ልጅ ሳለሁ የኳስ ተጫዋቾቹ ፎቶዎች የሚመጡት ባለሱቁ ጋሽ ሰይድ ከሸዋ ሮቢት በሚያመጡት ማስቲካ ውስጥ ነበር። ማስቲካው ወዲያው አፍ ውስጥ ይደርቃል፤ የሙዝ ሽታው ግን ደብተራችን ውስጥ ይሰነብታል። ከትምህርት ቤት ስንወጣ ፎቶዎቹን መሬት ላይ ደፍተን በመዳፋችን እየመታን እንገለብጣለን፤ የገለበጠ ይወስዳል። አጥቂ እንደ ጉድ ነበር። በረኛው ግን ከስንት አንዴ ነው የሚወጣው፤ የወጣውም በጥፊ ብዛት ይላላጣል፣ ወይ እናቶች በዱቄት ሙጫ ግድግዳ ላይ ይለጥፉታል። ግድግዳ ላይ የወጣ ደግሞ አይመለስም።

ጋሽ ሰይድ አሥራ አንዱን ተጫዋች ላሟላ ልጅ እውነተኛ ኳስ እሰጣለሁ ብለው ነበር። እኛ የጨርቅ ኳስ ነበር የምንለጋው። አሥሩን ይዤ በረኛ አጣሁና መቀመጫ የለኝ፣ መቆሚያ የለኝ። እናቴ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ! አንተ ልጅ፣ እሾህ ላይ ነው እንዴ የተቀመጥከው?» ትለኛለች። አንድ ቀን ከሰዓት በረኛው ከማስቲካዬ ወጣ። እየጮህኩ ቤት ገባሁ።

እናቴ ተቀብላኝ አየችውና ቀጥ አለች። «ወይኔ! ቁርጥ አባትህን!» አለች። አባቴ ገና ዳዴ ስል ነው የሞተው። በሕይወቱ ፎቶ ተነስቶ አያውቅም፤ መልኩን አላውቀውም። እሷ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፣ ዱቄት በጠበጠች፣ ከአልጋዋ ራስጌ ለጠፈችው።

«ኳሴስ!» ብዬ መሬት ላይ ተንከባለልኩ። እህል አልቀምስም አልኩ። ንቅንቅ አላለችም። ጋሽ ሰይድ ዘንድ ሮጬ ግድግዳችን ላይ አለ ብላቸው፣ «እንግዲያ ይዘኸው ና» አሉኝ። ግድግዳ ተሸክሜ ልምጣ? ኳሱን ሌላ ልጅ ወሰደው። ያንን በረኛ ስንት ጊዜ እንደረገምኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

ባለፈው ሳምንት ልጄን ይዤ ሞላሌ ሄድኩ። እውነቱን ልናገር፣ በረኛውን ልልጥበት ብዬ ኪሴ ውስጥ ምላጭ ነበረ። አረንጓዴው ደብዝዟል፣ የግድግዳው ጭቃ በአንድ በኩል ተሰንጥቋል። ልጄ አልጋው ላይ ወጥታ አፍጥጣ አየችውና፣ «አባዬ፣ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለችኝ። እናቴ ከት ብላ ሳቀች። «አያትሽ ናቸው፣ የኔ እናት» አለቻት። እኔ እንባዬ መጣ።

ያኔ ከግድግዳው በተላቀቀልኝ እያልኩ ነበር የምቁነጠነጠው። ዛሬ ጭቃው ቢረግፍስ፣ ጣሪያው ቢያፈስስ እያልኩ ነው። ቡድኑ ውስጥ ለጠየቀው ሰውዬ «አባቴ ነው፣ አልሰጥም» ብዬ መለስኩለት። ምን ብሎ እንደተረዳኝ እንጃ።