መብራት ሲጠፋ የማይረሳው ካሴት

ከሮቤ በወጣንበት ዋዜማ ቤታችን ላይ ድንጋይ ይዘንብ ነበር። በረዶ ቢሆን ደስ ባለኝ። የባሌ በረዶ ገብሱን ያጠፋል እንጂ የሰው ስም እየጠራ አይወርድም። ይህኛው ግን «ሄኖክ! ውጣ!» እያለ ነበር የሚወርደው። ልጄ ሄኖክ አልጋው ሥር ቁጭ ብሎ እጁን በጉልበቶቹ መሃል ቀብሯል። ሸሚዙ ላይ ያለው ደም የእሱ አይደለም፤ የጓደኛው የጀማል ነው። የጀማልን ደም ከዚያ በፊትም አውቀዋለሁ። ልጅ ሳለ ከዛፍ ወድቆ ጉልበቱ ሲላጥ እናቱ ገበያ ስለነበረች ያጠብኩት እኔ ነኝ።

እዚህ ናይሮቢ ያላችሁ ልጆች «እማማ አስካለ፣ ለምን ወጡ?» ስትሉኝ «በጌም ምክንያት» ብዬ ስመልስ ትስቃላችሁ። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ሄኖክና ጀማል ሮቤ መናኸሪያው አጠገብ ጌም ቤት ነበራቸው። አዲሶቹ ማሽኖች መብራቱ ከፍ ዝቅ ሲል ስለሚቃጠሉባቸው፣ የማይሞተውን የድሮውን ማሽን ያዙ። የድሮው ማሽን ጨዋታው በካሴት ነው፤ ለእያንዳንዱ ጨዋታ አንድ ካሴት። ካሴቶቹ አርጅተው እፍ ካልተባለባቸው አይነሱም ነበር። በኋላ ሜሞሪ ካርድ የሚጎርስ ካሴት መጣ፤ ጨዋታውን ሁሉ አንድ ላይ ይይዛል። እኔ በራቸው ላይ አምባሻ ስለምሸጥ ስለዚህ ካሴት ያልሰማሁት ነገር የለም።

ካሴቱ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። አንደኛው ዓይነት፣ የተጫወታችሁት እንዲቀመጥ ማሽኑን ከመዝጋታችሁ በፊት አንዲት ትንሽ ቁልፍ መጫን አለባችሁ፤ ያኔ ሜሞሪው ላይ ይጽፋል። እየጻፈ ሳለ ከተቋረጠ የቆየውንም ያበላሻል። ሌላው ዓይነት ማንም ሳይነግረው ወዲያው ወዲያው ያስቀምጣል። ጀማል «ሁለተኛው ይሻለናል፣ ከውጭ እናስመጣ» አለ። ሄኖክ መጠበቅ አልወደደም። ገበያ ላይ ያገኘውን የመጀመሪያውን ገዝቶ መጣ።

ያን ክረምት የሮቤና የጎባ ልጆች በእግር ኳሱ ጨዋታ ውድድር ገጠሙ። ሽልማቱ በግ ነው፤ ገንዘብ አዋጥተው ገዝተው ጌም ቤቱ በር ላይ አሰሩት። የጎባ ልጆች ዝናብ እየደበደባቸው በሚኒባስ ይመጣሉ። የክረምቱ ሁሉ ውጤት ያለው እዚያች ካሴት ውስጥ ነው። ፍጻሜው ሊደርስ ሲል፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሄኖክ ቁልፏን ተጫነ፤ ወዲያው መብራት ሄደ። ሲመለስ ካሴቱ ውስጥ ምንም የለም። ጨዋታው ቡድን ምረጡ ብሎ እንደ አዲስ ጀመረ።

«የጎባ ልጅ ሊያሸንፍ ሲል ሁልጊዜ መብራት ይጠፋል!» አለ አንዱ።

«በጉን ፍቱልን!» አለ ሌላው።

ጀማል ሳቀ። በክፋት አይደለም፤ ሲጨንቀው መሳቅ ልማዱ ነው። «ነግሬህ ነበር» አለው ሄኖክን፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ይህ ካሴት መብራት ላለው አገር ነው አላልኩህም?»

«ዝም በል ጀማል።»

«ለምን ዝም እላለሁ? ጆሮ ቢኖርህ እኮ...»

ማን ቀድሞ እንደመታ አላየሁም። አግዳሚው ተገለበጠ፣ ቴሌቪዥኑ ወድቆ ፈነዳ፣ አንዱ ልጅ ጥርሱን በመዳፉ ይዞ በአጠገቤ ወጣ። በጉ ገመዱን እየጎተተ ይጮሃል። በሩ የሚቀረቀርበትን ብረት ሄኖክ እጅ ላይ ሳየው «ልጄ!» አልኩ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሰነዘረው። የጀማልን ፊት ሲያገኘው የተሰማው ድምፅ እርጥብ እንጨት ሲፈለጥ የሚሰማው ነው። ጀማል እጁን ዓይኑ ላይ አድርጎ ቁጭ አለ። አልጮኸም። በጣቶቹ መሃል የሚወርደው ደም ብቻ አልነበረም።

ማታ ወንድሞቹ ከነጓደኞቻቸው መጡ። መስኮቱን ሰበሩት፣ በሩን በመጥረቢያ መቱት። ከሥዕለ ማርያም ሥር ተንበርክኬ «ልጄን ከምትወስጂው እኔን አስቀድሚኝ» እያልኩ ነበር። አንድ ድንጋይ ግንባሬን ፈነከተኝ፤ ጠባሳው አሁንም በሻሽ ይሸፈናል። ድንገት ድንጋዩ ቆመ። በተሰበረው መስኮት ሳይ ግቢው መሃል የቆመችው የጀማል እናት አዴ ሩቅያ ነች። ሲንቄዋን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ይዛለች።

ሲንቄ ሴት ልጅ ስትዳር የሚሰጣት በትር ነው። በእሷ አገር ደንብ ሴት ሲንቄ ይዛ በጠበኞች መሃል ከቆመች ወንድ አልፏት አይሄድም፤ የገዛ ልጇም ቢሆን። ቀሚሷ ላይ የልጇ ደም ገና አልደረቀም። ከሐኪም ቤት ነው የመጣችው።

«ዲሳ!» አለች፤ ተዉ ማለቷ ነው።

የበኩር ልጇ ሁሴን መጥረቢያውን ይዞ አለቀሰ። «አዮ፣ ዓይኑ እኮ ፈሰሰ! ዓይኑ!»

«አይቻለሁ። ሐኪሟ ስታሽገው ጭንቅላቱን የያዝኩት እኔ ነኝ። አሁን የሌላ ልጅ ጭንቅላት ልያዝልህ?»

ሁሴን መጥረቢያውን ጣለው። እሷ ወደ እኔ ዞረች፤ ግን አላየችኝም፤ ከጭንቅላቴ በላይ ነበር የምታየው።

«አስካለ ኮ» አለች፣ አስካለዬ እንደማለት፤ «ልጅሽን ይዘሽ ውጪ። ደሙ እስኪበርድ ከዓይናችን ይራቅ። ሽማግሌ የሚቀመጠው ከዚያ በኋላ ነው።»

«የት ልሂድ?»

«እኔ እንዴት አውቄ? ይህ በትር እስኪነጋ ነው የሚቆምልሽ። ክንዴ ደክሟል።»

እስኪነጋ ቆመችልን። ይህን ያደረገልኝን እግዚአብሔርን ለማመስገን ቀኔ አይበቃም።

ጎህ ሲቀድ በእህል መኪና ላይ ጎባን አልፈን የሳነቴን አምባ ወጣን። ብርዱ የግንባሬን ደም አደረቀልኝ። ከዚያ ወደ ሐረና ጫካ ቁልቁል። ሪራ ላይ አንዲት ሴት ማር በቅጠል ሰጥታን የት እንደምንሄድ ሳትጠይቅ ገባች። በዶሎ መና፣ በነጌሌ አድርገን ሞያሌ ደረስን። ድንበሩን ያሻገረን ደላላ ጫካ ውስጥ ሲያገኘን ሌላ ሰው ሆነ። ከእሱ ጋር የነበሩት ሰዎች ገንዘብ ጨምሩ እያሉ ሄኖክን በቀበቶ ብረት ገረፉት፣ ጀርባው እስኪከፈት። እኔን ፀጉሬን ይዘው አሳዩት። ልጄ ጉልበተኛ ነው፣ እነሱ ደግሞ ሰካራሞች፤ ግን እጁን ከኋላው አጣምሮ ተገረፈ። በኋላ ቁስሉን በውሃ ሳጥብለት «ለምን አልተከላከልክም?» አልኩት።

«እጄን አላምነውም፣ እማዬ» አለኝ።

ናይሮቢ ገባን፤ ኢስሊ የሚባለው ሰፈር። የአገራችን ሰው ይበዛበታል፤ ኦሮምኛ ስሰማ ዞር እላለሁ፣ የሮቤ ሰው ይመስለኛል። ምግባቸው ኡጋሊ ይባላል። ገንፎ ነው እንዳልል መሃሉ ላይ ለቅቤ ጉድጓድ የለውም፤ እንደ ድንጋይ ቆርሰው ከጎመን ጋር ይበሉታል። ለምጄዋለሁ፤ ተመስገን። ብርድ ሲሉ ደግሞ እስቃለሁ። በሐምሌ ሹራብ ደራርበው «ባሪዲ፣ ባሪዲ» ይላሉ። አንድ ማለዳ እኛ ባሌ፣ ዲንሾ ላይ ቢያቆሟቸው ምን ሊሉ ነው?

አከራያችን ክፍሉን ሲያሳየን «ውሃ አለው?» አልኩት።

«አለው።»

«የታለ?»

«ሲመጣ ታዪዋለሽ፣ ማማ።»

«መቼ ይመጣል?»

«እሱን ውሃው ነው የሚያውቀው።»

ፖሊስ ደግሞ ሌላ ነው። አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ መንገድ ላይ ያዘን። ገና ሰላም ሳይል ሄኖክን በጥፊ መታው፣ ከዚያ ወረቀት ጠየቀ። የስደተኛ ወረቀታችንን ሰጠሁት።

«ይህ ለካምፕ ነው» አለ።

«ካምፑ ሩቅ ነው፣ ልጄ።»

«እኔ ግን ቅርብ ነኝ። ኪቱ ኪዶጎ አምጪ።»

ኪቱ ኪዶጎ ትንሽ ነገር ማለት መሆኑን ተምሬአለሁ፤ ምን ዓይነት ትንሽ እንደሆነ ግን አላወቅሁም ነበር። ከቦርሳዬ እፍኝ ቆሎ ሰጠሁት። ቆሎውን አየ፣ እኔን አየ፣ ቆረጠመ። «ይህ ምንድን ነው?» «ገብስ።» ሳቀና ለቀቀን። ከሄደ በኋላ የሄኖክ ስልክ ኪሱ ውስጥ እንደሌለ አወቅን።

ሄኖክ ካማው የሚባል ሰውዬ ሱቅ ውስጥ የድሮ ማሽን ጥገና ገባ፤ እኔ እዚያው አጸዳለሁ። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ሦስት ሌቦች ፓንጋ ይዘው ገቡ፤ ፓንጋ ረጅም ገጀራ ነው። አንዱ የሄኖክን ትከሻ ሰነጠቀው። ከልጄ ጎን መዶሻ አለ። እጁን ከኋላው አጣምሮ ቆመ፣ ደሙ እስከ ጫማው ወረደ። ሌቦቹ ሲሄዱ ካማው «ትልቅ ሰው ነህ፣ እንደ ሴት ትቆማለህ?» አለው። እኔ ደሙን እየወለወልኩ «ሴት ስትቆም አላየህም» አልኩት። አልገባውም፤ አላስረዳሁትም።

እነዚህን ዓመታት ሁሉ በየዒዱ ሮቤ እደውላለሁ። አዴ ሩቅያ ታነሳለች። «ዒድ ሙባረክ» እላለሁ። «አሚን» ትላለች፣ ትዘጋለች። እሷ ካልፈቀደች ሽማግሌ አይቀመጥም፤ ሽማግሌ ካልተቀመጠ ሄኖክ አገር የለውም። ቢሆንም አንድ ጊዜም ሳታነሳ ቀርታ አታውቅም።

ባለፈው ዓመት ከሮቤ የመጣች ሴት ጀማል ጌም ቤቱን እንደገና እንደከፈተ ነገረችን። በአንድ ዓይኑ ይሠራል አለች። ማሽኑ ያው የድሮው ነው፤ ካሴቶቹ ግን እፍ ቢባሉም አልነሳ ብለውታል። ሄኖክ ያን ቀን ምሳውን አልበላም። በማግስቱ ካማውን «ያሉህን ሜሞሪ የሚጎርሱ ካሴቶች አውጣልኝ» አለው።

ካማው ሦስት ካሴት ደረደረ። የመጀመሪያውን አወደሰው፤ ሥዕሉ ጥርት ያለ፣ ጨዋታው ቶሎ የሚከፈት። ሄኖክ ጥቂት ተጫወተ። እኔ መጥረጊያዬን ትቼ ሶኬቱን ከግድግዳው ነቀልኩት።

«ማማ! ምን ሆንሽ?»

«መብራት ሄደ» አልኩት።

«አልሄደም! አንቺ ነሽ የነቀልሽው!»

«በእኛ አገር እንዲህ ነው የሚሄደው። አያስፈቅድም።»

መልሰን ስንሰካው የተጫወተው የለም፤ ያው ቁልፍ የሚጠብቀው ዓይነት ነው። ሁለተኛው ነቅዬውም ያዘ። ሄኖክ ግን ከፍቶ በውስጡ ያለውን ክብ ባትሪ አሳየኝ፤ ባትሪው የሞተ ቀን የያዘውን ሁሉ ይዞ ይሞታል። ሦስተኛውን ከፈተው፤ ባትሪ የለውም። ለመክፈት ዘገምተኛ ነው፣ መልኩም አያምርም። ነቀልኩ። ሰካን። አለ። ሲጫወት ነቀልኩ፣ ሊያስቀምጥ ሲል ነቀልኩ፣ ሁለቴ አከታትዬ ነቀልኩ። ካማው ጭንቅላቱን ይዞ «ማሽኔን ገደልሽው» ይላል። አለ፤ ሁሉም እንዳለ አለ።

የመጀመሪያው ካሴት ንስሐውን ለመጨረሻዋ ሰዓት የሚያቆይ ሰው ይመስለኛል። መብራቱ መቼ እንደሚሄድ ማን ነገረው?

ሦስተኛውን በዚያችው ሴት እጅ ላክነው። ሄኖክ ምንም አልጻፈበትም።

የዘንድሮ ፋሲካ ወደ ማምሻው ስልኬ ጠራ። አዴ ሩቅያ ናት። እሷ ደውላልኝ አታውቅም።

«አስካለ ኮ፣ ነጋ ጅርታ?» አለች፤ ደህና ነሽ ወይ ማለቷ ነው።

«ነጋ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ዕቃው ደረሰ። ቤቴ ግን አልገባም፤ ከእናንተ የወጣ ነገር እርቅ ሳይወርድ እንደማይገባ ታውቂያለሽ። ደጅ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ከረመ። ሁሴን ሊሰብረው ነበር።»

«ልክ ነው» አልኩ።

«ጀማል ከለከለው። ‹ልየው› አለ። ‹አሁንም የማይረባውን ልኮ ከሆነ ስሙን አታንሱብኝ። ያን ያልኩትን ልኮ ከሆነ ግን ሰምቶኛል ማለት ነው፤ ሽማግሌ ይቀመጥ› አለ። አሁን ማሽኑ ውስጥ ከቶት ልጆቹ እየተጫወቱ ነው። ስሚ።»

ስልኩን ወደዚያ አዞረችው። የጨዋታው ሙዚቃ ተሰማ፤ ያችው አምባሻ ስሸጥ የምሰማት። ልጆች ይሰዳደባሉ፣ አንዱ «የጎባ በግ!» ይላል፣ ይስቃሉ። ሄኖክ ወንበሩን ወደ ስልኩ አስጠጋ። ከዚያ ሙዚቃው ቀጥ አለ። ልጆቹ «ኡ!» አሉ።

 አንድ የወንድ ድምፅ ወደ ስልኩ ቀረበ። ወፍሯል፣ ግን አወቅሁት።

«እማማ፣ መብራት ሄደ።»

«ጀማል... ልጄ...»

«ሲመጣ እናያለን» አለና ስልኩን ዘጋው።

 የእኛ አምፖል በርቷል። ሄኖክ ተነስቶ አጠፋው፤ ስልኩን በመሃላችን አድርገን ተቀመጥን።